ከስድስት ኪሎ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

አንባቢ ሆይ፤ የአዲስ አበባ ሰው ከተማውን የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ብቻ ነው። እኔም ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከደሴ ቢመጣብኝ ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ አብሬው ዞርሁ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ የትምህርት መስክ መምረጫ ቅጹን ሰኞ ይመልሳል። አባቱ ምሕንድስና እንዲመርጥ ይፈልጋሉ። እርሱ ደግሞ በየደብተሩ ጠርዝ የሰው ፊት ሲሥል የሚውል ነው።

ከስድስት ኪሎ ጀመርን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ይዟል። ከደጁ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የሠሩት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ያመለክት ነበር ይባላል። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠበት። ከማፍረስ ይልቅ አንበሳ ማስቀመጥ! እንዲህ ያለውን ቀልድ እኔ እወዳለሁ።

በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን አየናት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተረፈላት ናት። ለእይታ የቀረበው ቅጂው ነው። ልጁ ግን ቁመቷን በዓይኑ ለካና «ጋሼ፣ ከታናሽ እኅቴ ታንሳለች» ብሎ አሳቀኝ።

በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ ቆም ብለን አየነው። ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራፂ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የሠራው ነው። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ፤ ጎፈሩ እንዴት እንደ ተጠረበ ያስተዋልሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ አፍሪካ አዳራሽ ደረስን። ለመግባት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋልና የሚሄድ ሁሉ ይህን አይርሳ። አዳራሹን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል።

የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈው የአፍሪካ ሐዘን፣ የነጻነት ትግሉ፣ የወደፊቱ ተስፋ። በወረቀት ላይ የታተመውን ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ፎቶግራፉ ግን ዋናውን ነገር ይደብቃል። ሥዕሉን የሚያበራው ፀሐይ ነው፤ ደመና ሲያልፍ ቀዩ ይጠቁራል፣ ፀሐይ ስትመለስ ብርቱካንማውና ቢጫው እንደ ፍም ይቀላል፤ ቀለሙም ወርዶ ወለሉ ላይ፣ በጫማችን ላይ ሳይቀር ያርፋል። የልጁ ነጭ ሸሚዝ ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

አስጎብኚዋ የሠዓሊውን ታሪክ ስታወራ አንድ ነገር ተናገረች። አፈወርቅ በአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር። ሥዕል ግን አሸነፈችውና ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መስኮቱን የማይ መሰልሁ። አባቱ የእናቴ እኅት ባል ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ምን ልበለው?

«ጋሼ፣ ምሕንድስናውን ጨርሶ ነው የተወው?»

«አልጨረሰም» አልሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቅጹን ከኪሱ አወጣ፤ እርሳስ አበድረኝ አለኝ። ሰጠሁት። እስከ አራት ኪሎ ድረስ እርሳሱን እንደ ያዘ ሄደ፤ ከዚያ ቅጹን አጥፎ ኪሱ መለሰው። እርሳሱን አልመለሰልኝም።