ጾሙ አልነበረም

እማማ እያልኩ የምጠራቸው ደንበኛዬ ናቸው። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በየወሩ ከእኔ መድኃኒት ቤት ይወስዳሉ። በዐቢይ ጾም አንድ ማምሻ ጉልበታቸውን ይዘው ገቡና «ልጄ፣ መስገድ አቃተኝ፤ ማስታገሻ ስጠኝ» አሉኝ። ሰው ተሰልፎ ነበር። ባለ 50 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ የሁለት ሳምንት ቆጥሬ ሰጠኋቸውና «እህል ቀምሰው ይውሰዱት» አልኳቸው። ፓራሲታሞሉ እዚያው እጄ ሥር ነበር። ሌላ ምን እንደሚወስዱ አልጠየቅሁም፤ የግፊት መድኃኒታቸውን የምሸጥላቸው ራሴ ነኝ።

አላወቅሁም ማለት አልችልም። ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ደም ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባበትን ቀጭን የደም ሥር ከፈት አድርጎ ይይዛል። ዳይክሎፌናክ ሕመምን የሚያስታግሰው ይህ ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነውና መግቢያው ይጠባል። ኢናላፕሪል መውጫውን ያሰፋዋል። የሚያሸናው ክኒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ደግሞ ከሰውነት ውሃ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ደሙን የሚገፋው ኃይል ይወድቅና ኩላሊት ማጣራት ያቅተዋል። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ጽፌው ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። እሳቸው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውሃ አይቀምሱም ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

በ10ኛው ቀን ሽንታቸው ቀንሶ፣ እግራቸው አብጦ ሐኪም ቤት ገቡ። የኩላሊትን ድካም የሚያሳየው ክሪያቲኒናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቶቹ ለጊዜው እንዲቆሙ ተደረገና ቀስ በቀስ ወረደላቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኃጢአቴ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ሲሻላቸው መጥተው «ጾሙ ነው አይደል የጎዳኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሳይሆን አይቀርም፣ እማማ» አልኩ። የውሃው ማነስ ነገሩን ማባባሱ እውነት ነው። እኔ ግን እውነቱን የተጠቀምኩበት ለመደበቂያ ነው። እሳቸውም አምነውኝ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጾሙን እንዲያቀልሉላቸው ለመኑ። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሴት፣ ዘንድሮ ከሰው ፊት ምሳ ሲቀምሱ እንደሚያፍሩ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ዝም አልኩ፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ የወሩን መድኃኒት ሊወስዱ ይመጣሉ። ሰልፍ ቢኖርም በሩን ዘግቼ፣ ወንበር ሰጥቼ እነግራቸዋለሁ።