ስምና ሥራ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ አስበን እንጠቅሰዋለን። ሎሚው ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ሲይዝ ነው። አምስቱ ተሸክመውት አርባ አምስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ቢከተሉ፥ ለአምስቱ እንደ ድሮው ሸክም ነው፤ ለቀሩትም የተሰረቀ ጌጥ ነው።

ይህ ነገር ኮሌጅ የገባውን ወጣት ሁሉ ይፈትነዋል። ዛሬ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፥ በደሴም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፥ የደጋው ልጅ ፈተናውን ለመቅመስ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። መምህሩ አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ይመድብና፥ አንድ ጉዳይ አጥንተው፥ ጽሑፉን ከሥዕል፥ ከድምፅና ከፊልም ጋር አቀናብረው፥ በክፍሉ ፊት በፕሮጀክተር እንዲያቀርቡ ያዛል። ነጥቡ የጋራ ነው። የጋራ በመሆኑም ሁለት ፈተና ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ያልሠራ ሰው ስሙን ማስጻፉ፥ ሁለተኛው ያልታወቀ ነገር በሥዕል መሸፈኑ ነው። እኔ ግን ሁለቱን እንደ አንድ አያቸዋለሁ፤ ሁለቱም ባዶውን ሙሉ አስመስለው ያሳያሉና።

በተወለድሁበት በደጎሎ ዙሪያ ገበሬው እህል ሲደርስ ወንፈል ይገባል። ዛሬ ጎረቤቶቹ ያጭዱለታል፥ ነገ እርሱ ያጭድላቸዋል። ወንፈል መዝገብ የለውም፤ ነገር ግን ማን እንደ ዋለ ማንም እንደ ቀረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አጫጆቹ በረድፍ ስለሚሰለፉ፥ የሰነፈው ወደ ኋላ ሲቀር በዓይን ይታያል።

ረድፍ በሌለበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ማክሲሚልያን ሪንጌልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፥ ሰዎች በአንድነት ሲጎትቱ ጉልበታቸውን ለካ። ስምንት ሰዎች አብረው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት፥ ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ጉድለት ጊዜን አስተባብሮ ካለመሳብ የመጣ ነው፤ ከፊሉ ግን ሌላው ይጎትታል ብሎ ከመለገም የመጣ ነው። የአንዱ ድርሻ ከሌላው በማይለይበት ሥራ ሰው ሳያውቀውም ይሰንፋል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ያየሁትን ነገር ልንገራችሁ። ስድስት ሆነን ስለ አፈር እንድናቀርብ ታዘዝን። በጃማ ወረዳ ብዙው መሬት ዋልካ ስለሆነ፥ ስለ እርሱ እንድንሠራ ተስማማን። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ በጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ውሃው ወደ ታች ስለማይወርድለት የስንዴው ሥር አየር ያጣል፤ ስለዚህ ገበሬው ወይ ዝናቡ እስኪያባራ ዘሩን ያዘገያል፥ ወይ ውሃው በፈሰስ እንዲወጣለት መሬቱን በሰፋፊ መደብ ያበጃል። አንዱ ውሃ የተኛበትን ማሳ ፎቶግራፍ አነሣ፤ አንዷ የሽማግሌ ገበሬ ድምፅ ቀዳች፤ እኔ ጽሑፉን አሰናዳሁ።

ስድስተኛው ጓደኛችን ግን አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ማታ ማታ ሻይ ቤት እየሠራ ራሱን የሚያስተዳድር ልጅ ነበር። አራት ቀን ሲቀረን መጣና፥ «እባካችሁ ስሜን ብቻ አስገቡልኝ» አለ። አንዱ «ድሀ ነው፤ ብንጽፍለት ምን ይጎዳናል?» አለ። ሌላው «እኛስ ያነጋነው ሌሊት?» ብሎ ተቆጣ። በዕድሜ የምትበልጠን ልጅ ግን እንዲህ አለች፦ «ስም መጻፍ ምስክርነት ነው። ብንጽፈው ዋሽተናል፤ ብንተወው ጥለነዋል። ሥራ እንስጠውና ስሙን ራሱ ይጻፍ።»

ውሃው ለምን ወደ ታች እንደማይወርድ የሚያስረዳው ክፍል ተሰጠው። ከሥራ ሲወጣ በየተራ አብረነው እየተቀመጥን አጠና። በቀኑ ገና ግማሽ ሳንደርስ መብራት ጠፋ፤ ፎቶግራፉም ፊልሙም ከግድግዳው ላይ ጠፉ። ተራው የእርሱ ነበርና ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ እየሣለ አስረዳ። መምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ ሲጠይቀው «ይህን ገና አላወቅሁትም» ብሎ መለሰ። ይህ መልስ በእኔ ዓይን ከመጀመሪያው አላነሰም።

በሥዕልና በጽሑፍ ማሳመር ክፉ ነገር አይደለም። የገበሬው ድምፅ ካሥር ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ልብ ይነካ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ዕውቀትን ሲሸፍን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኮሎምቢያ የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ፥ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መሐንዲሶቹ ጉዳዩን ለአለቆቻቸው በስላይድ አቀረቡ። የመታት ቁራጭ ቀድሞ ከተሞከረው ፍርፋሪ በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ፥ ያ ትልቁ ነገር፥ ከስላይዱ ግርጌ በንዑስ ነጥብ ተቀምጦ ነበር። መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነችና ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። የሞታቸው ምክንያት ስላይዱ ነው አይባልም፤ ሆኖም አጣሪው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ፥ ያን ስላይድ ያነበበ አለቃ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ላያስተውል ይችል እንደ ነበር ገልጾ ወቅሷል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከጓደኞችህ ጋር ሥራ ስትጀምር አስቀድመህ እንደ አጫጆቹ ረድፍ አብጅ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ በስሙ ይታወቅ። ድርሻህን ከጨረስህ በኋላ የሌላውንም አጥና፤ መብራት ሲጠፋ ሁላችሁም መናገር እንድትችሉ። ትልቁን ነገር በትልቁ ጻፈው፤ የማታውቀውን በሥዕል አትሸፍነው። ወደ ኋላ የቀረ ጓደኛ ሲኖርህም ውሸትን በርኅራኄ ስም አትስጠው፥ ጭካኔንም በእውነት ስም አታድርግበት። ጊዜ ሳለ ማጭድ ስጠውና ከረድፉ አግባው። ተምረህ ስትወጣ ስምህ በሐኪም ማዘዣ፥ በድልድይ ንድፍ፥ በፍርድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ያን ጊዜ የሚያነበው ሰው ስምህን አምኖ ሕይወቱን ይሰጥሃል።