ስለ አውጫጭኝና ስለ መድኃኒት

በቦረና ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ ሳይንት ባለው አገር፣ በልጅነቴ መድኃኒት የሚመሰገነው በሚያደርሰው መከራ መጠን ነበር። ኮሶ የሚጠጣበት ቀን በተቆረጠ ጊዜ፣ ሳይበላ የሚያድረው፣ ጽዋውን ዓይኑን ጨፍኖ የሚጨልጠው፣ ሲያቅለሸልሸው ውሎ ከጓሮ የሚመላለሰው፣ ሲመሽም በጋቢ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጠው ሰውየው በሁለመናው ሲሆን፣ ተፈላጊዋ ግን በአንጀቱ ጥግ የተቀመጠች አንዲት ትል ብቻ ነበረች። ያልተሠቃየውንም ሰው አረጋውያኑ መድኃኒቱ አልሠራለትም ብለው ያዝኑለት ነበር።

ይህ ሥርዓት የሚያሳስበኝ አባቶቻችን አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚሉትን ፍርድ ነው። ከብት የሰረቀ ወይም ቤት ያቃጠለ ሰው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ጻድቁም በደለኛውም፣ ቄሱም ባልቴቲቱም በአንድ ሜዳ ተሰብስበው፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አገር ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር። ከአፍ ተውጦ ወይም በመርፌ ተወግቶ በደም ጎዳና ወደ ሥጋ ሁሉ የሚበተነው የፈረንጅ መድኃኒትም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ አንዱን ሌባ ለመያዝ ልብንም ኩላሊትንም ጉበትንም አብሮ ያስራል።

ይህን ግፍ ለማስቀረት አስቀድሞ ካሰቡት ጠቢባን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1854 የተወለደው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነው። ይህ ሰው ቀለም በሕዋሳት ላይ ሲያፈስ፣ ቀለሙ አንዱን እየነከረ ሌላውን እንደሚተው ቢመለከት፣ ቀለም ወገኑን መምረጥ ከቻለ መርዝስ ስለ ምን ጠላቱን ብቻ አይመርጥም ብሎ ተመራመረ። በ1909 ከረዳቱ ከጃፓናዊው ሐታ ጋር ለቂጥኝ ያገኘው ቁጥር 606 የተባለው መድኃኒት ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው፤ ዳሩ ግን ቅመሙ አርሴኒክ ስለ ነበረበት ጻድቁን ሙሉ በሙሉ አልማረም።

ለእኛ አገር ሰው ግን ይህን ነገር ከቂጥኝ ይልቅ የሚያስረዳው ሊሽማኒያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋሲ የሚያመጣው ደዌ ነው። በደጋው፣ ሽኮኮ በሚውልበት ገደል አጠገብ የሚገኘው ቁንጭር፣ ፊትን ቢያበላሽም ቁስሉ በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው ባለመድኃኒት በጋለ ብረት ይተኩሰዋል፤ የዛሬው ሐኪም ደግሞ አንቲሞኒ ያለበትን መድኃኒት ከዚያው ከቁስሉ ላይ ይወጋዋል። የዚህ የሥጋ ዘመድ የሆነው ካላዛር ግን፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ የወረደው ጎበዝ፣ በዋልካ መሬት ላይ ከግራር ሥር ሲተኛ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ገብቶበት፣ በጣፊያው፣ በጉበቱና በመቅኔው ውስጥ ስለሚሸሸግ፣ መርፌ በቀጥታ አይደርስበትም። ስለዚህ አንቲሞኒው ለ30 ቀን በየዕለቱ ለመላው አካል ይሰጥ ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀን ቢያጥርም፣ ልብንና ቆሽትን መጉዳቱ አልቀረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጥገኛው ተሕዋሲ ያደረበት ቤት ነው፤ ይኸውም ባዕድ ነገርን ሁሉ እየዋጡ ሰውነትን የሚጠብቁት ማክሮፌጅ የተባሉት ሕዋሳት ናቸው። ሌባው በዘበኛው ቤት ተቀምጦ አገሩ አውጫጭኝ ይቀመጣል ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው ስለ ካላዛር ካላሰበ ሰው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በካምብሪጅ አቅራቢያ አሌክ ባንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ፣ አንዳንድ ቅባት በውሃ ውስጥ ሲበተን በራሱ ጊዜ ልጣጭ ያላቸው ደቃቅ ኳሶች እንደሚሆን አየ፤ እነዚህም ሊፖሶም ተባሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሪካዊው ግሪጎሪያዲስ በውስጣቸው መድኃኒት ማሳፈርን አሰበ፤ ነገር ግን ማክሮፌጆቹ ኳሶቹን ባዕድ ናቸው ብለው ገና በመንገድ ይውጧቸው ጀመር። ወደ ሌላ ብልት ለሚላክ መድኃኒት መሰናክል የሆነው ይህ ነገር ለካላዛር ጸጋ ሆነለት፤ ዘበኛው ራሱ መድኃኒቱን ውጦ ሌባው ወዳለበት እልፍኝ ያስገባዋልና። ከቬኔዙዌላ አፈር በተገኘ ረቂቅ ሕይወት የሚሠራው፣ ኩላሊትን በመጉዳት የታወቀው አምፎቴሪሲን፣ በዚህ ኳስ ተሸፍኖ በ1990 አምቢሶም ተብሎ በአውሮፓ ፈቃድ ሲያገኝ፣ መርዙ ያው የጥንቱ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

ሆኖም ይህ ብልህ መድኃኒት የሚያሳዝን ጠባይ አለው፤ የቆላ በሽታ ፈዋሽ ሆኖ ሳለ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። በህንድ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ሲሰጥ ሲያድን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያው መጠን ስላልበቃ በተከታታይ ቀናት በድምሩ እስከ 30 ሚሊግራም ይሰጣል። ዋጋውም ውድ በመሆኑ፣ በአገራችን በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ ደዌው ለጸናበትና ኤች አይ ቪ ላለበት በሽተኛ ይቀመጣል፤ በጎንደርና በአብዱራፊ በተደረገ ምርመራም ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ሚልቴፎሲን ከተባለው መድኃኒት ጋር ቢጣመር እንደሚሻል ስለ ታወቀ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ይህንኑ መክሯል።

በ2005 ከበሽሎ ወንዝ ማዶ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ ግን፣ ደዌው አስቀድሞ ወባ መስሎ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነበር የተለየው። መድኃኒት በሥጋ ውስጥ አድራሻውን ማወቁ፣ ሐኪሙ የደዌውን ስም ካላወቀ አይጠቅምም። ስለዚህ ከሑመራ ወይም ከመተማ ተመልሶ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ የጸናበት፣ የከሳ፣ በግራ ጎኑም እብጠት የተሰማው ወንድማችን፣ ወባ ነው ብሎ አይቀመጥ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ፣ ሠርቶ የመጣበትንም ቆላ በስሙ ጠርቶ ይናገር።