በበቆሎ ማሳ የተገኘው ዲስክ

ሐምሌ 12
የዩናይትድ 232 በረራ አደጋ የደረሰው በዛሬው ቀን ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ.። ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ሲበር የነበረው ዲሲ 10 አውሮፕላን ጅራቱ ላይ ያለው ሞተር አየር ላይ ተሰባበረ፤ ፍንጣሪው ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። መሪው አልታዘዝ አለ። በተሳፋሪነት የነበረው አሠልጣኝ አብራሪ ዴኒስ ፊች ካፒቴን አል ሄይንስን ሊያግዝ ገባ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሁለቱን የክንፍ ሞተሮች ጉልበት እየጨመረና እየቀነሰ አውሮፕላኑን እስከ ሱ ሲቲ አደረሱት። ከ296 ሰው 184ቱ ተረፉ። የአብራሪዎቹ ጀግንነት ሲወሳ ይኖራል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው።

ሐምሌ 14
የእህቴ ልጅ ለእራት መጣ። አውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራል። የሞተር ብረት ላይ ስንጥቅ እንዴት እንደሚፈለግ ጠየቅኩት። ብረቱ የሚያበራ ቀለም ይቀባል፤ ከላይ ያለው ሲታጠብ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ይቀራል፤ ከዚያ ጨለማ ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ይታያል። «ጋሼ፣ ሰው ሲመረምር ውሎ ምንም ካላገኘ የሚቀጥለውም ደህና ነው ብሎ ይጀምራል» አለኝ። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት ጭንቀት ከዓይኔ አልጠፋም።

ሐምሌ 15
የአደጋውን ምርመራ ሪፖርት አነበብኩ። የተሰበረው የሞተሩ የፊት ዲስክ የተገኘው ከአደጋው ሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ በቆሎ ሲሰበሰብ ነው። ዲስኩ የተሠራበት ቲታኒየም ሲቀልጥ ናይትሮጂን የበዛባት አንዲት ጠንካራና ተሰባሪ ነጥብ ውስጡ ቀርታ ነበር። ስንጥቁ ከእሷ ተነስቶ በየበረራው ጥቂት በጥቂት ለ17 ዓመት አደገ። ዲስኩ በ1988 እ.ኤ.አ. ሲመረመር ስንጥቁ ወደ ግማሽ ኢንች ደርሶ ነበር፤ አላዩትም።
የአደጋው መርማሪዎች ግን ዲስኩን የፈተሸውን ሠራተኛ ብቻ ወንጅለው አልቆሙም። አየር መንገዱ በፍተሻ አሠራሩ የሰው ልጅ አቅም ውስን መሆኑን በቂ ትኩረት አልሰጠውም አሉ። ይህን ክፍል ደግሜ አነበብኩት። በየመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ሲገኝ አንድ ሰው ተባርሮ ጉዳዩ ሲዘጋ ስላየሁ፣ እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ያስከብራል።

ሐምሌ 17
አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። የሃይድሮሊክ መስመሮቹ ሦስት ስለሆኑ ሁሉም በአንዴ አይጠፉም ተብሎ ነበር፤ ሦስቱም ግን ጅራቱ ላይ ተቀራርበው ያልፋሉ። ከአደጋው በኋላ በዲሲ 10 ላይ፣ መስመር ቢቀደድ ፈሳሹ ሁሉ እንዳይፈስ የሚዘጋ ቫልቭ ተገጠመ። 112 ሰው ከማለቁ በፊት ሊገጠም ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።