ጥቅምትን በቢታ ገነት ጓሮ

በዚህ ወር ስልካችሁን ስትከፍቱ ሳታዩት አትቀሩም፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ዱባ እርሻ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ከራሳቸው የሚበልጥ ዱባ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። የስድስት ዓመቷ ልጃችን አንዱን ፎቶ አይታ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ዱባስ ነበረን፤ ካፋ ዞን፣ ቢታ ገነት፣ በአያቷ ጓሮ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዕቃችንን ያሸከፍነው ለዱባው ብለን ብቻ አልነበረም። አማቴ የሚያወሩት ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛቸው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ልጃችን ደግሞ ካፊኖኖ አልተማረችም። እሑድ እሑድ ስልክ ሲደወል «ምን እንደምትል አይገባኝም» ብላ ለአባቷ መመለስ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን አማቴ ልጃቸውን «አኮረፈችኝ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። በዚያው ሳምንት ቀን ቆረጥን።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ቦንጋ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ልጅ ይዛችሁ በአንድ ቀን ልጨርሰው አትበሉ፤ ጅማ እደሩ። በማግስቱ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ ካፋ ገባችሁ ማለት ነው። የመኪናውን መስኮት ክፈቱት፤ አየሩ ራሱ ይነግራችኋል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፤ በውስጡም ማንም ያልተከለው ቡና በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ቦንጋ ስትደርሱ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራባት ከተማ መሆኗን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄዳችሁ ደግሞ የውሽውሽ ሻይ ተክል ኮረብታውን አልብሶት ታያላችሁ። እኛ እዚያ ወርደን እግራችንን አፍታተን ነው ወደ ቢታ ያቀናነው።

አማቴ ጓሮ ውስጥ ፎቶ ላይ እንዳለው በመስመር የተደረደረ ዱባ አትጠብቁ። ቤቱን የከበበው እንሰት ነው፤ ቀጥሎ ቡናና ጎደሬ፤ የዱባው ሐረግ በመካከላቸው እየተሳበ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ዱባው ከሰፋፊ ቅጠሎቹ ሥር ተደብቋል። ልጃችን ይህን ስታይ ድብብቆሽ መሰላት። ሮጣ ገብታ የመጀመሪያ ያገኘችውን ቀነጠሰች። ገና ለጋ ነበር። እኔ ደነገጥኩ፤ ልቆጣት አፌን ስከፍት አማቴ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

የልጅቷን እጅ ይዘው ወደ ሌላ ዱባ ወሰዷት። አውራ ጣቷን ቅርፊቱ ላይ አድርገው በጥፍሯ እንድትጫን አደረጓት። ጥፍሩ አልገባም። ለጋው ላይ ሲያስሞክሯት ገባ። ከዚያ የደረቀውን አንገት አሳይተው፣ ጥቂት አስቀርተው በቢላዋ ቆረጡት። አንገቱ ከሥሩ ከተነቀለ ዱባው ቶሎ ይበላሻል፤ እንዲህ ከተቆረጠና ደረቅና ነፋሻ ቦታ ከተቀመጠ ግን ወራት ይቆያል። ይህን ሁሉ ሲያስተምሯት አንድም ቃል መተርጎም አላስፈለገም። ከሰዓት በኋላ በየቅጠሉ ሥር እየገቡ አብረው ጥፍራቸውን ሲሞክሩ ዋሉ። ያ ለጋ ዱባም አልተጣለም፤ ተከትፎ የእራታችን ወጥ ሆነ። ቤት ውስጥ ዱባ ወጥ ሲቀርብ ፊቷን የምታዞረው ልጅ ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

አጥሩ ላይ ቅልም ነበረ። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ስንቶቻችን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይተናል? የዱባው አበባ ቢጫ ነው፤ የቅሉ ነጭ። ልጃችን ተረቱን ከመስማቷ በፊት ልዩነቱን አየች።

ማታ ቡና ሲቆላ አማቴ «ቡኖ» አሉ። ልጃችን ቆጣ ብላ «ቡና ነው የሚባለው፣ እማማ!» ስትል ሁላችንም ሳቅን። አባቷ «እዚህ አገሩ ነው፤ በአገሩ ቡኖ ነው የሚባለው» አላት። ያን ምሽት «ቡኖ» እያለች ስኒ ስታመላልስ አመሸች።

እናንተም ለመሄድ ካሰባችሁ ቢያንስ አምስት ቀን ያዙ። ካፋ ዝናቡ ቶሎ አይወጣም፤ በጥቅምትም ቢሆን ለልጆች ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ አትርሱ። ከቦንጋ ወዲያ ያለውን መንገድ ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። የቡናው ፍሬ መቅላት የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ስለሆነ ልጆቹ እንዲለቅሙ ፍቀዱላቸው። አያታቸው ያሉት ካፋ ሳይሆን ወላይታ ወይም ጎጃም ከሆነ ደግሞ ወደዚያው ሂዱ፤ ዱባ የማይበቅልበት ጓሮ ጥቂት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ እኛ ወላጆች በየመሀሉ እየገባን አንተርጉም። ልጁና አያቱ አብረው የሚሠሩት ሥራ ይኑራቸው።

ከተመለስን በኋላ ልጃችን ከዚያ ዱባ ያመጣችውን ፍሬ በተቆረጠ ጀሪካን ተክላ የኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ባለፈው እሑድ ስልክ ሲጠራ ከአባቷ ቀድማ አነሣች። «እማማ፣ ሁለት ቅጠል አወጣ!» አለች በአማርኛ። ከወዲያ አማቴ በካፊኖኖ ብዙ ነገር መለሱላት። ባለቤቴ ሊተረጉም ሲጠጋ ልጃችን ጀርባዋን ሰጥታው ማውራቷን ቀጠለች።