ስለ መኪናዬ ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ሰሞኑን በኢንቦክስ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ያቺ ብርማ መኪናዎ አሁንም አለች? እንደሷ ዓይነት ልገዛ ነበር፣ ይመክሩኛል?» 11ኛ ክፍል ስለ ሞመንተም ሳስተምር ተኝተው የነበሩ ልጆች ዛሬ ስለ ሾክ አብዞርበር ሲጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል።

ብራንዷን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። የ2008 ሞዴል ናት፤ ቤንዚን፣ ኦቶማቲክ፣ አምስት ሰው የምትይዝ። ከቪትዝ ከፍ፣ ከላንድክሩዘር ዝቅ የምትል የቤተሰብ መኪና። በ2006 ዓ.ም. በባለቤቴ እቁብና እህቴ ከአሜሪካ በላከችልን ብር ስንገዛት 92 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ዛሬ 271 ሺህ ላይ ናት።

ትመችህ ነበር ወይ ለምትሉኝ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ፦ ማንን ነው የምትጭኑባት?

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ዳሌዋን ካመማት ቆየ፤ ሐኪሟ አዲስ አበባ ነው፤ እሷ ደግሞ «ቤቴን ዘግቼ የትም አልሄድም» ብላለች። ስለዚህ በየሁለት ወሩ 130 ኪሎ ሜትር መምጣት፣ 130 መመለስ አለ። አንዴ በዘመድ ትንሽ አውቶሞቢል አመጣናት፤ ስትወርድ ሁለት ሰው ጎትቶ ነው ያወጣት። ፒክ አፕ ደግሞ ለእሷ ጣራ ላይ እንደመውጣት ነው። የኔዋ መኪና ወንበር ከፍታው ልክ የእማዬ ዳሌ ጋ ነው። ጀርባዋን ትሰጥና ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ እግሯን አንድ በአንድ ታስገባለች። ማንም አይደግፋትም። ሰፈር ሰው እያያት ተሸክመው አስገቧት አለመባል ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና ልታዩ ስትሄዱ እናታችሁን ወይ አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው ኮፈን ከፍቶ የታጠበ ሞተር ሲያሳያችሁ እናንተ በሩን ከፍታችሁ እነሱን አስቀምጡ።

ስለ «ፉል ኦፕሽን» ብዙ አላወራም። ጣራዋ ላይ የሚከፈት መስታወት አለ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ብንከፍተው ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ አቧራ በላን። የኋላ ሴንሰሯ ሊስትሮ ባለፈ ቁጥር ትጮኻለች። ነገር ግን መኪናዋ አውሮፓ ተነድታ የመጣች ስለሆነች የወንበር ማሞቂያ አላት። ስገዛት ይህን ቁልፍ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የኅዳርን ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እማዬ «ምድጃው» ነው የምትለው። ገና በሩ ሳይዘጋ «ምድጃውን ለኩስልኝ» ትላለች።

የማይመቸኝም አለ። የኋላ ወንበሩ ጠፍጣፋ ነው፤ ልጆቹ ሸኖ ሳንደርስ ማጉረምረም ይጀምራሉ። የጎማው ድምፅ ሻካራ አስፋልት ላይ ከሬዲዮው ይበልጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ትደክማለች፣ ይሄ ግን የመኪናዋ ጥፋት አይደለም። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ወረቀቱ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት መኪና አዲስ አበባ ላይ 115 ገደማ ትሆናለች፤ ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ታንሳለች። (ቲቸር ዛሬም ያስተምራል እንዳትሉ።)

አስተማማኝነቷን በተመለከተ አንድ ማታ ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እማዬ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ነበራት፤ ቀጠሮውን ለማግኘት አምስት ወር ጠብቀናል። ከደብረ ብርሃን ስንነሳ መሽቷል። ሸኖን እንዳለፍን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የባትሪ ምልክት በራ። ብዙ ሰው ይሄን ምልክት ሲያይ «ባትሪው ሞተ» ይላል። የሚለው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ዲናሞው ኃይል መስጠት አቁሟል፣ ከአሁን በኋላ ያለህ ባትሪው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው ማለት ነው። የድሮ ናፍጣ ቢሆን አንዴ ከተነሳ ያለ ኤሌክትሪክም ይሄዳል። የቤንዚን ሞተር ግን ካንዴላውም የነዳጅ ፓምፑም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ቀጥ ነው።

በጭንቅላቴ ማስላት ጀመርኩ። ባትሪው 60 አምፒር ሰዓት፣ አሮጌ ስለሆነ ግማሹን ልቁጠር። የፊት መብራት ሁለት ባለ 55 ዋት፣ 9 አምፒር ገደማ። ለሞተሩ ሌላ 10። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አለን፣ ሌላውን ሁሉ ካጠፋሁ። ሬዲዮ አጠፋሁ፣ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ ከባለቤቴ ስልክ ቻርጀሩን ነቀልኩ። የቀረው ምድጃው ነበር። እሱ ብቻውን 4 አምፒር ይበላል።

አጠፋሁት። ትንሽ ቆይታ «ልጄ፣ ወንበሩ ቀዘቀዘ» አለች። «መኪናዋ ደክሟት ነው እማዬ፣ ትንሽ ትረፍ» አልኳት። ባለቤቴ ነጠላዋን አወለቀችና ጉልበቷ ላይ ደረበችላት፤ ምንም አልጠየቀችኝም፣ ግን ፊቴን አይታ ገብቷታል። አለልቱን ስናልፍ መብራቱ እየቢጫ መጣ። ሰንዳፋ ስንደርስ መሪው ከበደ፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ስለሆነ። ከፊቴ አንድ አይሱዙ ነበር፤ የሱን መብራት ተጠግቼ ተከተልኩ፣ የራሴን ወደ ትንሹ ዝቅ አድርጌ። ለገጣፎ መግቢያ፣ የመንገድ መብራት ያለበት ጋ ስንደርስ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። ቤታችን በር ላይ አጠፋኋት፤ መልሼ ለማስነሳት ስሞክር «ቲክ» እንኳ አላለችም።

ጠዋት በታክሲ ወሰድናት፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዲናሞው ችግር ካርቦኑ ማለቁ ነበር፤ በጣት የሚያዙ ሁለት ቁራጮች ናቸው። ሱማሌ ተራ ተገዝቶ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ተቀየረ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለኔ አስተማማኝ መኪና ማለት ይሄ ነው። የማትበላሽ መኪና የለችም፤ ስትበላሽ ምልክት የምትሰጥ፣ ጊዜ የምትሰጥ፣ ዕቃዋም በማግስቱ የሚገኝ። ከዚያ ውጭ ራዲያተር አንዴ፣ ሾክ ሁለት ዙር፣ የታች ቡሾች በየጊዜው (የሰፈራችንን ኮብልስቶን ጠይቁት)። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሳላሳልፍ እቀይራለሁ፤ ሞተሯ እስካሁን አልተከፈተም።

አሁን የቤታችን ክርክር ኤሌክትሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌዎቹ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል፤ ደላላ የጠራልኝ ዋጋ ከገዛሁበት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ባለቤቴ «ሳትደክም እንሽጣት» ትላለች። ክርክሯ ጠንካራ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፣ ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ጣርማበር ጉልበቱን አይቀንስበትም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እያሞቀ የሚጠፋውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። የቤንዚን ወረፋም የለም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትነዱና ቤታችሁ ቻርጅ ማድረግ ለምትችሉ፣ ከኔዋ ዓይነት ይልቅ እሱን ግዙ እላለሁ፣ ያለ ማወላወል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መንገዱ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወንበሩ ግን ያን ያህል ከፍ አይልም፤ ስለዚህ ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ወደ ላይ ይነሳል። ለወጣት ምንም አይደለም፣ ላታስተውሉትም ትችላላችሁ። ዳሌው ለታመመ ሰው ግን ሁለት ሰዓት እንደዚያ መቀመጥ ቅጣት ነው። በኢንተርኔት ያየሁት የመኪና ግምገማ ሁሉ ስለ ስክሪኑ ስፋት ያወራል፣ ይሄን የሚለካልኝ አላገኘሁም።

የእማዬ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው። ጎረቤታችን አዲስ ኤሌክትሪክ ገዝቷል፤ አናግሬዋለሁ፣ ግቢው ውስጥ በሩን ከፍቶ ያስቀምጣታል። አንድ ሰዓት ያህል ትቀመጥበት፣ ቡናዋንም እዚያው ትጠጣ ብሏል። ምን እንዳለች እጽፍላችኋለሁ።