ክሪክ ስትገዙ ቶኑን ብቻ አትጠይቁ

ክሪክ ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ቶን ያነሳል?» ብለን ነው። እኔም እንዲሁ ጠይቄ ባለ 5 ቶን የዘይት ክሪክ ገዛሁ። ለላንድክሩዘሬም ለተሳቢውም ይተርፋል ብዬ ነበር።

ክረምት ላይ በቾ ሜዳ ውስጥ 1,000 ሊትር ውኃ የጫነ ተሳቢ እየጎተትን ሳለ የተሳቢው አንድ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን አወጣሁ፤ አክስሉ ስር አልገባም አለ። ለካ ጎማው ሲተነፍስ አክስሉም አብሮ ይወርዳል! ክሪኩ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ እንኳ ከክፍተቱ በሁለት ጣት ይበልጥ ነበር። ዋልካውን ቆፍረን እንደምንም አስገባነው። ከዚያ ደግሞ እጀታውን በጫንኩ ቁጥር ተሳቢው ንቅንቅ አይልም፤ ክሪኩ ነው ወደ ታች የሚሰምጠው። ቆመው ያዩን የነበሩ አንድ አባት «ልጄ፣ መሬቱ እኮ እየዋጠው ነው» አሉና ከቤታቸው ወፍራም ሳንቃ አስመጡልን። በአሥር ደቂቃ ጎማው ተቀየረ።

ሂሳቡን የሠራሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። የክሪኬ እግር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። 600 ኪሎ ሲያርፍበት እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ኪሎ ትሸከማለች። 30 በ30 የሆነ ሳንቃ ከስሩ ሲገባ ግን ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። የበቾው ርጥብ ዋልካ ስድስቱን አልቻለም፤ ሳንቃው ሲገባ ግን ቻለ።

ወደ ቁመቱ ስንመለስ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ የአንዱን ጎማ ነፋስ አውጡና ከመሬት እስከ አክስሉ ያለውን በሜትር ለኩ። ክሪኩ ሲታጠፍ ከዚያ ማነስ አለበት፤ ሲዘረጋ ደግሞ የተነፋው ስኮርታ የሚገባበትን ያህል ማንሳት አለበት። በሻንሲው አነሳለሁ የምትሉ ከሆነ ባሌስትራው እየተዘረጋ ጎማው መሬት አልለቅ ስለሚል ብዙ ከፍታ ትፈልጋላችሁ። እኔ አክስሉን እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ የሚሠራው ሃይሊፍት የሚባለው ረጅም ክሪክ በእርግጥ ከፍ ያደርጋል፤ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና ለማውጣትም ይረዳል። ግን የሚይዝበት ጠንካራ የብረት ፓራውልት ይፈልጋል፤ በፕላስቲኩ አይሞከርም። አቧራ ከገባበት ፒኖቹ ይነክሳሉ፣ ስለዚህ ጽዳትና ዘይት አይለየው። እጀታው ካመለጠ መንጋጋ ይሰብራል፤ ፊታችሁን ከመንገዱ አርቁ። ለአሸዋ በጭስ ማውጫው የሚነፋው የአየር ከረጢት ይሻላል፤ ሰፊ ስለሆነ አይሰምጥም።

ተሳቢ ስታነሱ ከመኪናው አትፍቱት። የመኪናውን የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሌላው ጎን ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ክሪክ ብቻ በያዘው ተሳቢ ስር ረዳታችሁን አታስገቡ፤ ቶሎ ይወጣል ብላችሁም ቢሆን።